ሥራ ፈቱ ጠፍር

ኮርቻ በማስተካከል ካኒሻይን የሚወዳደራት ሰው በሐይቁ ዙሪያ ካሉት ድንኳኖች በአንዱም የለም። ይህን የምትለው ራሷ ካኒሻይ ናት።

«እኔ የነካሁት ኮርቻ ፈረሱ ቢገለበጥ እንኳ ንቅንቅ አይልም!» አለቻት አክስቷን።

«እስቲ ለአፍሽም ልጓም ሥሪለት» አለች አክስቷ ቡርማ፣ ዕቃ እየሸከፈች።

ብርዱ ስለገባ ቤተሰቡ በማግስቱ ከተራራው ግጦሽ ወደ መንደር ይወርዳል። ካኒሻይ አምናም ካቻምናም የወረደችው ጭነት መኪና ላይ ድስት አቅፋ ነው። ያኔ በፈረስ የሚወርዱት ልጆች ሲያልፏት ምላሳቸውን ያወጡባት ነበር። ዘንድሮ ግን አያቷ ጁማካዲር፣ «የእኔን ኮርቻ ለራስሽ ልክ ካደረግሽው፣ ዳማዋን ባዝራ ይዘሽ ከመንጋው ጋር ትወርጃለሽ» ብለዋታል።

መቀመጫው ሰፋባት፤ ከአሮጌ መኪና ወንበር ስፖንጅ ቆርጣ ደለደለችው። እርካቡ ረዘመባት፤ ጠፍሩን በወስፌ በስታ አሳጠረችው። የቀኙ እሺ አለ። የግራው ግን አርጅቶ ኖሮ ወስፌው ሲገባበት ተቀደደ።

ሌላ ጠፍር ፍለጋ ስትቁለጨለጭ ዓይኗ ከኮርቻው ኋላ በተንጠለጠለው ጠፍር ላይ አረፈ፤ ከፈረስ ጭራ ሥር ዞሮ በሚታሰረው ላይ። በጋውን ሙሉ አያቷ ሜዳ ላይ ሲጋልቡ ከመወዛወዝ በቀር ምንም ሲሠራ አላየችውም።

«ሥራ ፈት!» ብላ ቆረጠችው። በጆንያ ክር ሰፍታም እርካብ አንጠለጠለችበት። ሐይቁ ዳር ሽምጥ ጋለበች፣ እርካቡን ረግጣ ቆመች፣ ዞረች። ኮርቻው ንቅንቅ አላለም።

ጠዋት አያትየው የሆዱን ጠፍር ጎተት ጎተት አድርገው አዩ። ከኮርቻው ኋላ ያለውን ግን የካኒሻይ ካፖርት ሸፍኖታል።

«ሣሩ ላይ አመዳይ ወርዶ ፈረሷን ካፖርት አለበስሻት?»

«ሞቆኝ ነው አባባ» አለች፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ።

አቀበቱን ደህና ወጡት። ካኒሻይም ልጆቹን አንድ በአንድ እያለፈች ምላሷን አወጣችባቸው፤ የሁለት ዓመት ብድሯን መለሰች። ከጫፉ በኋላ ግን መንገዱ ወደታች ደፋ አለ። ባዝራዋ አንድ እርምጃ በወረደች ቁጥር ኮርቻውም ትንሽ ወደፊት ይንሸራተታል። ከኋላ የሚይዘው የለማ! ካኒሻይ ወደኋላ ለጠጥ ብላ እግሯን ወደፊት ገፋች፤ ባሰበት። ስፖንጁ ከሥሯ ሾልኮ ወደቀ። ወንዙ ጋ ሲደርሱ ኮርቻው የባዝራዋ ማጅራት ላይ ወጥቷል። ባዝራዋ ውሃ ልትጠጣ አንገቷን ደፋች።

ካኒሻይ በባዝራዋ ጆሮዎች መሃል አልፋ ጭቃው ውስጥ ተቀመጠች።

ልጆቹ እስኪያማቸው ሳቁ። ጭነት መኪናውም ከኋላ ደርሶ ቆመ። አያትየው ከፈረሳቸው ወርደው ካፖርቱን ገለጥ አደረጉና ጠፍሩ የነበረበትን ባዶ ቀለበት አዩ። ቀጥለው እርካቡን አዩ። የገዛ ጠፍራቸውን ወዲያው ለዩት።

«ለቁልቁለት ነበር የሠራሁት» አሉ።

ካኒሻይ ጭቃዋን እያራገፈች ተነሳች። «ቢሆንም አባባ፣ ስፌቴን እዩልኝ! አልተበጠሰም እኮ! እርካቡ እንዳለ ነው!»

«አዎ፣ እርካቡ እንዳለ ነው» አሉ አያትየው። «የወረድሽው አንቺ ነሽ። ሂጂ፣ ድስትሽን እቀፊ።»