አሥራ አንድ መስመር

መምህር ተክለጻድቅ የኪዳነ ወልድን መምጣት የሰማው ከሚስቱ ነው። ጌታነሽ ከሞላሌ ገበያ የገዛችውን ሽንኩርት ገና ሳታወርድ፣ «ኪዳነ ወልድ መጥቷል አሉ። ከሩሲያ ባመጣው መሣሪያ የማርያም ቤተ ክርስቲያንን መስቀል ምስል ሊያነሣ ነው» አለችው። እሱ የተማሪ ደብተር እያረመ ነበርና ቀና አላለም። አንድ ትክክለኛ መልስ ግን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞት ኖሮ፣ ኋላ ሲያየው አፈረ።

ሁለቱ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ በአንድ ዴስክ ተቀምጠው የተማሩ ናቸው። አንደኛ የሚወጣው ተክለጻድቅ፣ ሁለተኛ የሚወጣው ኪዳነ ወልድ፤ ይህ አንድም ዓመት ተዛንፎ አያውቅም። በስልሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ኪየቭ ሄዶ የሚማር አንድ ልጅ ሲመረጥ ግን፣ ከውጤት ይልቅ የአባት ታሪክ በመጠይቅ ተጠየቀ። የተክለጻድቅ አባት ጭቃ ሹም ነበሩ። እሳቸው ከሞቱ ቢቆዩም ሹመታቸው በመጠይቁ ላይ አልሞተም። ኪዳነ ወልድ ሄደ። ተክለጻድቅ የመምህርነት ሥልጠና ወስዶ ሞላሌ ፊዚክስ ማስተማር ጀመረ። ይኸው አሥር ዓመቱ።

እንግዳው በማግሥቱ ምሳ ላይ መጣ። ጠጉሩ ገባ ገባ ብሏል፣ መነጽር አድርጓል፤ ሳቁ ግን ያው ነው። ጌታነሽ ያላትን ሁሉ አቀረበች። ከተበላ በኋላም፣ «እስቲ ንገረኝ፤ ይኼ ሆሎግራም የምትሉት ከፎቶ በምን ይለያል?» ብላ ጠየቀችው።

ኪዳነ ወልድ በሰፊ ሳህን ውኃ አስመጣ። ሁለት የገብስ ፍሬ በአንድ ጊዜ ጣለበት። «ሞገዶቹን እያቸው። ሲገናኙ አንዳንዱ ቦታ ላይ ይደጋገፋሉ፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ ይጠፋፋሉ። ብርሃንም እንደዚያ ነው። ፎቶ የሚይዘው የብርሃኑን ጉልበት ብቻ ነው። እኔ ግን ከመስቀሉ ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን፣ መስቀሉን ካልነካው ብርሃን ጋር አገናኛቸዋለሁ። መገናኛቸው ብርሃን የሚይዝ መድኃኒት የተቀባ መስተዋት ላይ ይታተማል። በኋላ መስተዋቱን ፀሐይ ላይ ስትይዢው መስቀሉ ከነጥልቀቱ፣ ከነጎኑ ከኋላው ቆሞ ታይዋለሽ።»

«ወይ ጉድ» አለች ጌታነሽ፣ ሳህኑ ላይ አጎንብሳ። «አሁን ገባኝ።»

ውኃውና ፍሬው የተክለጻድቅ ምሳሌ ነው፤ በየዓመቱ ጥር ላይ ለተማሪዎቹ የሚያሳየው። አሥር ዓመት አብራው ስትኖር አንድም ቀን ብርሃን ምንድን ነው ብላው አታውቅም።

«ነገ አብረኸኝ ብትሆን» አለው ኪዳነ ወልድ ወደ እሱ ዞሮ። «ከዚህ አገር ነገሩ የሚገባው ካንተ ሌላ ሰው የለም።»

ተክለጻድቅ እሺ አለ። እምቢ ቢል ምን እንደሚባል ያውቃል።

መስቀሉ በበዓል ቀን በታቦቱ ፊት የሚያዝ ትልቅ የነሐስ መስቀል ነው። ለአንድ ኤግዚቢሽን ወደ አዲስ አበባ እንዲመጣ ቢጠየቅ፣ የደብሩ ካህናት «ከዚህ ደጅ አይወጣም» ብለው ተገዝተዋል። ምስሉ ብቻ ይሂድ ብሎ መላ ያመጣው ኪዳነ ወልድ ነው። ስምንት መስተዋቶች ይዞ ከአዲስ አበባ ቢነሣም፣ በመንገዱ መንገጫገጭ ስድስቱ ተሰነጣጥቀው ሁለት ብቻ ደርሰዋል።

ዕቃ ቤቱ መስኮት የለውም፤ አለት ላይ የተሠራ ወፍራም የድንጋይ ቤት ነው። ኪዳነ ወልድ የመረጠውም ለዚህ ነበር። መስቀሉን በሳንቃ ላይ አስደግፎ አቆመው፤ ሳንቃውን በአሸዋ በተሞላ ሣጥን ላይ አስቀመጠ። ከመስቀሉ ፊት መስተዋቱን፣ ከመስተዋቱ ፊት በመኪና ባትሪ የሚሠራውን ሌዘር አቆመ። ቀዩ ብርሃን ሲበራ የዕቃ ቤቱ ጠባቂ አባ ወልደ አማኑኤል አማተቡ።

«አባ፣ አይፍሩ፤ አያቃጥልም» አላቸው ኪዳነ ወልድ።

«የፈራሁት መቃጠሉን አይደለም፤ መልኩን ነው» አሉ እሳቸው።

«አሁን ለአርባ ሰከንድ ማንም እንዳይንቀሳቀስ። መስቀሉ ከፀጉር ክር መቶኛ እንኳ ቢነቃነቅ ሥራው ይበላሻል። ተክሌ፣ አንተ ከግራ በኩል ቆመህ ሰዓት ያዝ። አርባ ሲሞላ በቃ በለኝ።»

ኪዳነ ወልድ ብርሃኑን የከለለውን ጥቁር ካርቶን አነሣ። ቀዩ ብርሃን መስቀሉን አለበሰው። ተክለጻድቅ የሰዓቱን ቀስት እያየ ቆጠረ። አምስት፤ አሥር። መስቀሉ ያምራል። የሥራው ብልሃት ደግሞ ከመስቀሉ ይበልጥ ያምራል፤ እያንዳንዱ ነገር ለምን እንደዚያ እንደተቀመጠ አንድ በአንድ ያውቀዋል፣ እሱ ራሱ ሊሠራው ይችል ነበር። ያ መጠይቅ ባይኖር ካርቶኑን የሚያነሣው እጅ የእሱ ነበር። አሥራ ስምንት። አሥራ ዘጠኝ።

ሃያ ላይ አውራ ጣቱን በሳንቃው ጫፍ ላይ አሳረፈ። አልገፋም፤ ብቻ አሳረፈና ትንሽ ጫን አለው። እንደዚያው ይዞት አርባ ሞላ።

«በቃ» አለ። ድምፁ እንደ ወትሮው ነበር።

ኪዳነ ወልድ መስተዋቱን በደብዛዛ አረንጓዴ መብራት ሥር በሦስት ሳህን እያዘዋወረ አጠበው፤ አደረቀውም። ከዚያ ሁሉም ወደ ደጁ ወጡ። ካህናቱም፣ መጥታ የነበረችው ጌታነሽም ተጠጉ። ኪዳነ ወልድ መስተዋቱን ወደ ጥሩ የጥር ፀሐይ አዞረው።

መስቀሉ ከመስተዋቱ ኋላ ቆሞ ታየ፤ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ። አባ ወልደ አማኑኤል እጃቸውን ወደ ኋላው ሰደው ሊነኩት ሞከሩ፤ ያገኙት ባዶ አየር ነው። ነገር ግን ከግራ ክንዱ ጀምሮ ጥቁር መስመሮች መስቀሉን አቋርጠውት ነበር። በግራ በኩል የተጠጋጉ፣ ወደ ቀኝ እየሳሱ የሚሄዱ።

«ይህ ጥቁሩ ምንድን ነው፣ ልጄ?» አሉ አባ።

ኪዳነ ወልድ መስመሮቹን ረጅም ጊዜ አያቸው። ተክለጻድቅም አያቸው፤ ምን እንደሆኑ ካያቸው ቅጽበት አንሥቶ ገብቶታል። መስተዋቱ ሃያ ሰከንድ አንዱን መስቀል፣ ሃያ ሰከንድ ደግሞ ትንሽ የተጋደለውን ሌላ መስቀል ይዟል። ሁለቱ ሲገናኙ የተጠፋፉበት ቦታ ሁሉ ጠቁሯል። ሳንቃው የት ላይ እንደታጠፈ ለሚያውቅ ሰው ተጽፎ ይነበባል።

«ሳንቃው ሳያርፍ ቀርቶ ይሆናል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ ኪዳነ ወልድ። «አንድ ቀርቶናል፤ ከሰዓት በኋላ እንደግማለን።»

ሰዎቹ ሲበተኑ ተክለጻድቅን ወደ ግቢው ጥድ ዛፍ ሥር ይዞት ሄደ።

«በጣትህ ነው በክርንህ?» አለው።

ተክለጻድቅ መካድ አማረው። ነገር ግን ማስረጃው መስተዋት በሰውዬው ብብት ሥር ነው። «በአውራ ጣቴ» አለ በመጨረሻ።

«ለምን?»

«አንደኛ የምወጣው እኔ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ። አንተ ነበርክ። እኔ ምን ላድርግልህ ታዲያ? መጠይቁን የጻፍኩት እኔ ነኝ?»

«አይደለህም» አለ ተክለጻድቅ። «አንተ ብትሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። የምጠላው ሰው አገኝ ነበር። አሁን ግን ቤቴ መጥተህ በራሴ ምሳሌ ሚስቴን ስታስተምር፣ ምንም አላጠፋህም። ይህ ነው የሚያቃጥለኝ።»

ኪዳነ ወልድ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። «ከሰዓት አትግባ» አለው። «ውጪ ሁን። በመንገዱ ሰው እንዳያልፍ ጠብቅልኝ።»

ይህ ከቁጣ ይልቅ ከበደው። ከሰዓት በኋላ ተክለጻድቅ የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ቆሞ መንገድ ዘጋ። ገብስ የጫነ አህያ የሚነዳ ገበሬ አስቆመ፤ ውኃ ቀድተው የሚመለሱ ሴቶችን አስቀመጠ። ጌታነሽ ስትመጣ እሷንም አስቆማት።

«ለምን ውጪ ሆንክ?» አለችው።

«ውስጥ ሆኜ ስላበላሸሁበት።»

«ሳታውቅ ነው?»

«አውቄ ነው።»

ነጠላዋን ሰብስባ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ገበሬውንም በእጇ ምልክት ሰጥታ ዝም አሰኘችው። ውስጥ ያለው ሰው በቃ እስኪል ድረስ ማንም አልተነቃነቀም።

ሁለተኛው መስተዋት እንከን አልነበረውም። ካህናቱ እየተቀባበሉ አዩት። አንዲት አሮጊት ከጎን ሆነው አይተው፣ የመስቀሉን የጎን ጌጥ ሲያገኙት ዕልል አሉ። ተክለጻድቅ ከሁሉ ኋላ ሆኖ አየ። ውበቱ አንጀቱ ውስጥ ገባ፤ ቅናቱም ካለበት ንቅንቅ አላለም። ሁለቱ አብረው አንድ ደረት ውስጥ ሊኖሩ እንደሚችሉ ከዚያ ቀን በፊት አያውቅም ነበር።

ኪዳነ ወልድ ሲሄድ የተበላሸውን መስተዋት በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠው። «ለተማሪዎችህ አሳያቸው። ከደህናው ይልቅ ይህ ያስተምራል።» ስድብ ይሁን ስጦታ ተክለጻድቅ መለየት አልቻለም፤ ተቀበለ።

ሁለት ወር ሙሉ ከሣጥን አላወጣውም። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ደጁ ላይ ተቀምጦ መስመሮቹን ቆጠረ። አሥራ አንድ ናቸው። በሌዘሩ የሞገድ ርዝመት አባዝቶ፣ ሳንቃው በጣቱ ሥር የጎበጠው የአንድ ሚሊሜትር ሺኛ ሰባት እጅ ያህል መሆኑን አገኘ። ስሌቱን በንጹሕ ወረቀት ገልብጦ፣ ከሥሩ «ይቅር በለኝ» ብሎ ጽፎ ወደ አዲስ አበባ ላከው።

መልሱ በፋሲካ ሰሞን ደረሰ። ኤግዚቢሽኑ መከፈቱን፣ ሰው ተሰልፎ ማየቱን ኪዳነ ወልድ በአጭሩ ጽፎ ነበር። ስለ ይቅርታው፣ «ያኔውኑ ትቼዋለሁ» ይላል። ቀጥሎ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ስሌትህ ግን ተሳስቷል። ብርሃኑ ወደ መስቀሉ ሄዶ ይመለሳል፤ መንገዱ እጥፍ ነው። ለሁለት አካፍለው።»

ተክለጻድቅ ፊቱ ቀላ። እርሳስ አንሥቶ ስህተት ሊያገኝበት ሌላ ሁለት ጊዜ ሠራው። ትክክል ነበር። ሦስት ተኩል ነው። ወረቀቱን ጨምድዶ ጣለው፤ ትንሽ ቆይቶ አንሥቶ ዘረጋው።

ሰኞ ዕለት መስተዋቱን ክፍል ይዞ ገባ። ተማሪዎቹን ወደ ደጅ አውጥቶ በፀሐይ አሳያቸው፤ ስሌቱንም ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠራው። ለሁለት የሚካፈልበት ቦታ ላይ ሲደርስ ጠመኔውን ያዝ አድርጎ ቆመ።

«እዚህ ጋ እኔ ተሳስቼ ነበር» አላቸው። «ያረመኝ ኪዳነ ወልድ የሚባል ሰው ነው። ከእኔ ጋር በአንድ ዴስክ ተምሯል።» ከዚያ ለሁለት አካፈለና ቁጥሩን አሰመረበት።