የአንገት ፀጉር

ሰው ሁሉ ሰዓቱን ከስልኩ ማየት ከጀመረ ወዲህ የሰዓት ሠሪው ሱቅ ቀዝቅዟል። ባትሪ የሚያስቀይር ወይም ማሰሪያ የሚያሳጥር ካልመጣ በቀር ቀኑን ሙሉ በሩን የሚረግጥ የለም። እሱ ግን ብዙም አልከፋውም። ለሰዓት ጥርስ የገዛው አጉሊ መነጽር ለጥንዚዛ እግርም እንደሚያገለግል አንድ ቀን ደረሰበት፤ ከዚያ ወዲህ መስኮት ላይ የሞተ፣ ግድግዳ ላይ ያረፈ፣ ከአበባ ላይ የወደቀ ነፍሳት ሁሉ ወረንጦው ሥር እየገባ ፎቶ ይነሣል።

ፎቶዎቹን የሚለጥፈው፣ ሰው ሁሉ ያገኘውን ነፍሳት እያመጣ "ይሄ ምንድነው?" በሚልበት አንድ የስልክ ግሩፕ ላይ ነው። እዚያ ስሙ "አጉሊ" ነው፤ በራሱ ፊት ፋንታ የአረንጓዴ ጥንዚዛ ምስል አድርጓል። ሠፈር ውስጥ "አንተ ሰውዬ" የሚባለው ሰው እዚያ ሲገባ "ጋሽ አጉሊ" ይሆናል። በዚህ አልፈርድበትም። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞልቶት ሚስትም ልጅም ሳይኖረው፣ የሚያዳምጠው ሲያገኝ ልቡ ቅቤ ቢጠጣ ምን ይገርማል?

ግሩፑ ሰባት ዳኞች አሉት፤ አጉሊ ከእነሱ አንዱ ነው። አንዱ ዳኛ "ይሄ እንዲህ ነው" ብሎ ከበየነ ጥያቄው ይቆለፋል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አንዲት ቃል አይጨምርበትም። መልሶ ሊከፍተው የሚችለው የበየነው ዳኛ ራሱ ብቻ ነው። "ተሳስቻለሁ" ብሎ ከከፈተ ደግሞ ከስሙ ጎን ያለው የትክክለኛ መልስ ቁጥር ወደ ዜሮ ይመለሳል። የአጉሊ ቁጥር ሦስት መቶ ዘጠና ስድስት ነበር። ያለ አንድ ስህተት አራት መቶ የደረሰ ዳኛ እስካሁን አልታየም። ለደረሰ ሰው ስሙ በግሩፑ አናት ላይ ይሰቀላል ተብሏል፤ ሰውዬው ሦስት ዓመት ሙሉ ሲተኛም ሲነሣም የሚያስበው ይህንኑ ነው።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ አንዲት ቤት አከራይ ፎቶ ለጠፈች። ነጭ ጨርቅ ላይ ምስር የምታህል፣ ጠፍጣፋ፣ ቡናማ ነገር ትታያለች። "ከተከራዬ ክፍል የተገኘ ነው። ትኋን ከሆነ ሴትዮዋን ላስወጣት ነው፤ ቁርጡን ንገሩኝ" ይላል ጽሑፉ።

ከዳኞቹ በፊት የመለሰችው ግሩፑን ከተቀላቀለች ሁለት ወር ያልሞላት አንዲት ፋርማሲስት ነበረች። "ትኋን ይመስላል፤ ግን የሌሊት ወፍ ላይ የሚኖረውም ትኋን ቁርጥ ይሄንኑ ነው የሚመስለው። የሚለየው በአንገቱ ፀጉር ነው። ፀጉሩ ከዓይኑ ወርድ ከረዘመ የሌሊት ወፍ ትኋን ነው፤ የሚመጣውም ከኮርኒስ እንጂ ከሰው አልጋ አይደለም። ሰው ከቤት ከመውጣቱ በፊት ቀረብ ያለ ፎቶ ብንጠይቅስ?"

ልክ ነበረች። ሰዓት ሠሪውም ልክ እንደሆነች ያውቃል፤ ያንገበገበውም ይኸው ነው። በፎቶው ላይ ፀጉሩ አይታይም። ጨዋ ዳኛ ቢሆን "የቀረበ ፎቶ ላኪልን" ብሎ ይጠብቅ ነበር። እሱ ግን ትናንት የመጣች ክኒን ሻጭ በአሥራ አንድ ሺህ ሰው ፊት ስታስተምረው ዝም ብሎ ማየት አልቻለም። "እህቴ፣ አንቺ ክኒንሽን ቁጠሪ። ፀጉር መለካት ያማረው ፀጉር ቤት ይሂድ" ብሎ ጻፈ። ቀጥሎም "ትኋን ነው። ተበይኗል" አለና ቆለፈው።

ሁለት መቶ ሰው ሳቀ። ቁጥሩ ሦስት መቶ ዘጠና ሰባት ገባ። ፋርማሲስቷ በውስጥ መስመር "ጋሼ፣ ከአከራይዋ ሌላ ፎቶ ተቀብያለሁ፤ ያለ ዳኛ ቃል አልሰማም ብላኛለች፤ እባክዎ አንዴ ይዩትና ይክፈቱት" ብትለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ፎቶውን ሳይከፍት ብሎክ አደረጋት።

በማግሥቱ ጠዋት ታናሽ እህቱ ሱቁ ድረስ መጣች። ልብስ ሰፊ ናት፤ አንድ ፎቅ ቤት አናት ላይ፣ ጣሪያው ሥር ያለች ክፍል ተከራይታ የሙሽራ ቬሎ ትሰፋለች። ስልኳ ተራ ባለ ቁልፍ ስልክ ስለሆነ ግሩፕ የሚባል ነገር አታውቅም። ዓይኗ አብጧል።

"ጋሼ፣ ጉድ ሆኛለሁ" አለች፣ ሳትቀመጥ። "አከራይዋ ክፍሌ ውስጥ አንድ ነገር አገኘችና በስልኳ ጠየቀች። አጉሊ የሚሉት ሊቅ ትኋን ነው ብሎ ፈረደ አለችኝ። ደረጃው ላይ ቆማ ነው የጮኸችው፤ ሕንፃው በሙሉ ሰማ። የሁለት ሙሽሮች እናቶች መጥተው ጨርቃቸውን በጣታቸው ጫፍ አንጠልጥለው ወሰዱ። እስከ ቅዳሜ ውጪ ተብያለሁ።"

ሰውዬው ስልኩን በአፍጢሙ ባንኮኒው ላይ ደፋው። እሷ አላየችውም፤ ከቦርሳዋ የክብሪት ሳጥን እያወጣች ነበር።

"አንዱን ይዤዋለሁ። አንተ እንዲህ ያለውን ታውቃለህ። እውነት ትኋን ነው? አይደለም ካልከኝ ይዤህ ሄጄ ፊቷ ላይ እንድትነግራት ነው።"

በወረንጦ አንሥቶ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀመጠው። አጉሊውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ጎንበስ አለ። የአንገቱ ፀጉር ረጅም ነበር። ደግሞ አየ። ከዓይኑ ወርድ አንድ ተኩል ይሆናል፤ ጀማሪ እንኳ አይስተውም።

"ኮርኒሱ ውስጥ ድምፅ ትሰሚያለሽ?" አላት፣ ሳያስበው አምልጦት።

"አመሻሽ ላይ ይንጫጫል። አይጥ ነው ትለኛለች። ምነው?"

እዚህ ላይ ልቡ አልራራም ብል ውሸት ነው። ራርቷል። ግሩፑ ውስጥ አንድ ቃል ቢጽፍ፣ አከራይዋ የጣሪያዋን ቀዳዳ ትደፍናለች፣ እህቱም ወደ ስፌት መኪናዋ ትመለሳለች። ስልኩ ባንኮኒው ላይ፣ ከእጁ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነበር። ሦስት መቶ ዘጠና ሰባት። ዜሮ። ክኒን ሻጯ ስትስቅ ታየችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አለ በልቡ፤ ተረቱ ለምላስ ጥንቃቄ የተተረተ መሆኑን ረስቶ ለክፋቱ ምርኩዝ አደረገው።

"ትኋን ነው" አላት።

"አይ እንግዲህ፣ አንተ ካልክማ ነው" አለችና ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠች። "እኔ እኮ በየቀኑ ነው የምጠርገው ጋሼ። ከየት አመጣሁት?"

ሰው አንዴ ከዋሸ ውሸቱን መጦር አለበት። "ከደንበኛ ጨርቅ ይሆናላ፤ የሰው ልብስ ስታግበሰብሺ" አላት፣ እንደ መቆጣት ብሎ። "ፍራሹን አቃጥዪው። የቀረ ጨርቅ ካለ ቀቅዪው፤ ካልፈላ አይሞትም።"

"ሦስተኛዋ ሙሽራ ቬሎዋን አልወሰደችም፤ አምናኝ ነው። እሱንም?"

አሁንም አንድ ጊዜ ዕድል ነበረው።

"እሱንም" አላት።

ፍራሿን ግቢ ውስጥ አቃጠለች። ቬሎውን በትልቅ ድስት ቀቀለችው። አንድ ወር ሙሉ ዶቃ በእጇ የሰፋችበት ሳቲን ተኮማትሮ፣ ቀለሙ ጠቁሮ፣ የልጅ ቀሚስ አክሎ ወጣ። ሙሽራዋ ያንን ስታይ የተናገረችውን አልጽፈውም፤ ልብስ ሰፊዋ ግን ቃል በቃል ለወንድሟ በስልክ ነገረችው። እሱም "አይዞሽ" አላት። ደግሞ ልብ በሉ፣ የዚያን ቀን ዓርብ ነው፤ አንድ ዝንብና ሁለት ጥንዚዛ በይኖ አራት መቶ የሞላበት። ስሙ አናት ላይ ተሰቅሏል፣ የእንኳን ደስ ያለህ መልእክት ይንጋጋል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚሉት እውነት ነው፤ ይሄኛው ግን ጅቡም ባሉም እሱ ራሱ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት እህቱ የስፌት መኪናዋን በእጅ ጋሪ አስገፍታ፣ አንድ ሻንጣ ተሸክማ ወደ ቤቱ መጣች። ሌላ መሄጃ አልነበራትም። ወሬ ቀድሟት ኖሮ ጎረቤቶቹ በረንዳ ላይ ወጥተው ይጠብቃሉ። ጎረቤቱ ሴትዮ አፏን በመዳፏ ሸፍና፣ "አንተ የነፍሳት ሰው ነህ፤ ችግር የለውም ካልክ እኛም ዝም እንላለን" አለችው።

ችግር እንደሌለው ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። በዚያ ሻንጣ ውስጥ ከልብስና ከክር በቀር ምንም የለም። ግን "ችግር የለውም" ቢል እህቱ ታዲያ ፍራሼን ለምን አስቃጠልከኝ ትለዋላ።

"እዚያው ቁሚ" አላት እህቱን። "ሻንጣውን ግቢው ውስጥ ክፈቺው።"

ከፈተች። አንድ በአንድ፣ የውስጥ ልብሷን ሳይቀር፣ በሰው ፊት እያራገፈች ገመድ ላይ ሰቀለች። "ካፖርትሽንም። ጫማሽንም" አላት፣ የዳኛ ድምፁን አውጥቶ። አወለቀች። መኪናዋን ማስገባት ስትጀምር "እሱ ውጭ ይደር፤ እንጨቱ ስንጥቅ ውስጥ ይደበቃል" ብሎ ከለከላት። ጎረቤቶቹ ዕውቀቱን አድንቀው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ የመኪናው ብረት ዝናብ ከነካው እንደሚዝግ እሷም እሱም ያውቃሉ።

በባዶ እግሯ፣ በአንድ ስስ ቀሚስ፣ ክንዷን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ደጃፉ ድረስ መጣችና ወደ ውስጥ ሳትገባ ቆመች።

"ይቅር በለኝ ጋሼ" አለች፣ ቀና ብላ ሳታየው። "ቤትህ ድረስ ይዤብህ መጣሁ። በሰው ፊት አዋረድኩህ።"

"ይሁን እቴ" አላት። "ይቅር ብዬሻለሁ።"