ጫማ አውድማ ላይ

ያምሮት ፖላንዳውያኑን ፎቶ አንሺዎች እየመራች ጎጃምን ስታካልል የሰነበተችው ለእንጀራዋ ነው፤ የመጨረሻውን ቀን ግን ለራሷ አስቀርታዋለች። ፍኖተ ሰላም ላይ ፎቶ ቤት ከፍታ የስንቱን ሙሽራ ስታነሳ፣ አባቷን አቶ ገደፋውን በሬ ነድተው ጤፍ ሲወቁ አንድም ቀን አንስታቸው አታውቅም። ዘንድሮ ካላነሳች ደግሞ ቀረ። ጉልበታቸው አልታዘዝ ስላላቸው ለከርሞ በማሽን ሊያስወቁ፣ በሬዎቹን ለአንድ የቡሬ ነጋዴ ሊሸጡ ቃል ሰጥተዋል። ነጋዴው ነገ መጥቶ ይነዳቸዋል። ፎቶውን ስትለምናቸው እሺ ያሏትም ለዚሁ ነው።

እንግዶቹን በጠዋት ቡሬ አጠገብ ካለው የአባቷ አውድማ አደረሰቻቸው። ሰሞኑን ሁሉ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ጫማ አውልቁ ስትል ጉሮሮዋ ደርቋል። የአውድማውን ግን አልነገረቻቸውም። የገበሬ ልጅ ናት፤ አውድማ በጫማ እንደማይረገጥ የማያውቅ ሰው መኖሩ በሐሳቧም አልመጣም።

ማሬክ የሚባለው፣ በር የማይበቃው ረጅም ሰውዬ፣ በሬዎቹን ከሥር ፎቶ ለማንሳት ብሎ ያንን የሚያህል ቡትስ ጫማውን እንዳደረገ ጤፉ መሐል ገብቶ ተንበረከከ። አቶ ገደፋው በሬዎቹን አቆሙ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። እንግዶችሽን ፀሐይ መታቸው መሰለኝ፣ ጥላ ፈልጊላቸው አሏትና በሬዎቹን እየሳቡ ከአውድማው ወጡ። የእህሉ በረከት ሸሸ ማለታቸው ነው። ያምሮት የምትገባበት ጠፋት።

እንዲህ ሆኖማ አይቀርም አለች በልቧ። ካሜራዋን ከአንገቷ አውልቃ አጥሩ ላይ ሰቀለች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ እንግዶቹንም እንዲሁ አስደረገች። ጤፉ ተወቅቶ እስኪያልቅ ካሜራ የሚነካ እንዳይኖር ነገረቻቸው። ያጉረመረመም ነበር፤ ጆሮ አልሰጠችውም። ገለባውን እንዲያገላብጡ መንሽ አስያዘቻቸው። ለማሬክ የደረሰው በሬ ጅራቱን ባነሳ ቁጥር ሮጦ እበቱን በጭድ መቀበል ነው። ሥራ እንድትቀይርለት ለመነ፤ አልቀየረችለትም። በሬዎቹን ወደ አውድማው መልሳ ራሷ ነዳች።

አቶ ገደፋው ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲያዩ ቆዩ። ማሬክ ጭዱ ሳይደርስለት እበቱን በባዶ እጁ ሲቀልብ ግን ሳቃቸው አመለጣቸው። ተነስተው አለንጋውን ከልጃቸው ተቀበሉና ለበሬዎቹ የድሮ እንጉርጉሯቸውን ለቀቁት።

ያምሮት መንሹን ይዛ ቀና ብትል ስትመኘው የኖረችው ፎቶ ፊቷ ቆሟል። ፀሐይዋ ዘንበል ብላ ብናኙን አብርታዋለች፤ አባቷ ወጣት መስለዋል። እጇን በላት። አጥሩም ሩቅ አልነበረም። የፖላንዳውያኑ አለቃ የሆነችው ሴትም አንዲት ፎቶ ብቻ እንድትፈቅድላቸው በዓይኗ ለመነቻት። ያምሮት ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። አሁን ሥራውን ትታ ብትወጣ ለአባቷ የካሰችው ነገር አይኖርም። ልቧ እያረረ ገለባውን ማገላበጧን ቀጠለች።

ጤፉ ተወቅቶ በሬዎቹ ሲፈቱ የመኪናው ጡሩምባ ይጣራ ጀመር። ሳይመሽ ባሕር ዳር መግባት አለባቸው። እንግዶቹ ካሜራቸውን ሰብስበው ሲሄዱ አቶ ገደፋው ልጃቸውን ጠሯት።

«አነሳሽኝ?»

«አላነሳሁዎትም፣ አባባ።»

«ስለ ምን?»

«መንሽ ይዤ ነበራ።»

አቶ ገደፋው በሬዎቹን አሻሹ። ቆይተው ጉልበታቸውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉት።

«ለዚያ ነጋዴ ደውይና ነገ እንዳይመጣ በይው። ይሄም አንድ ዓመት ይታገሠኝ።»

ያምሮት ሐሳባቸውን ሳይለውጡ ብላ እዚያው ቆማ ደወለች።