ሩር በእግር አይቆምም

«ከማዶ የመጣ ሰው አለ?» አለች ይርጋለም፣ አንገቷን ወደ ድንኳኑ ደጃፍ አስግጋ።

«ስንቴ ትጠይቂኛለሽ? የለም አልኩሽ» አለቻት ደብረወርቅ። የሟቹ የባየህ ታናሽ እህት ናት። ከይርጋለም ጋር አርባ ዓመት በአንድ አጥር ተጎራብተው፣ አርባ ዓመት ተነቋቁረው ኖረዋል። «ባልሽን ከቀበርሽ ወዲህ የምትቆጥሪው ያልመጣውን ብቻ ነው።»

«የመጣውንማ ንፍሮው ይቆጥረዋል።»

በዙሪያዋ የተቀመጡት ሴቶች ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። በለቅሶ ቤት እንዲህ ነው የሚሳቀው።

ሣልስቱ ነበር። ቅዳሴው አልቆ ሰው ከቁሐር ሚካኤል ተመልሶ የሩዝ ገለባ በተጎዘጎዘው መሬት ላይ ተቀምጧል። ድንኳኑ ማታ ይፈርሳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ እንግዳ እንጂ ለቀስተኛ አይደለም። ይርጋለም የምትጠብቀው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ያውም ስሙ በተነሳ ቁጥር ምራቋን ስትተፋበት የኖረችውን መንግሥቴን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በወረታ ሜዳ ዳር የድንጋይ ሰሌዳ ሊቆም ነው። ድሮ ገና ተጫውተው አገር ያስደነቁ ሰዎች ስም ይቀረጽበትና ለዘንድሮው ገና ይመረቃል። አሥራ አንድ ስም ተመርጧል። ባየህ የለበትም። አያልነህ አለበት። አያልነህ! የገናዋን ኳስ ሩሯን ስቶ የራሱን ቁርጭምጭሚት የሚጠልዘው አያልነህ! ልጁ ሲሚንቶ ስላመጣ ነው አሉ። ሲሚንቶ ሰውን ተጫዋች የሚያደርግ ከሆነማ ግድግዳ ሁሉ ጀግና ነው።

ስሞቹን የመረጡት ሽማግሌዎች ጸሐፊ መምህር ታደለ በቀብሩ ዕለት አጠገቧ ተቀምጦ ነግሯታል።

«እማ ይርጌ፣ እኔ አባ ባየህን ጠልቼ አይደለም። ሽማግሌዎቹ ግን ለተጫዋች የሚመሰክርለት ከተጋጣሚው ወገን የተሰለፈ ሰው ይሁን ብለዋል። የራሱ ወገንማ ማንን አያሞግስ!»

«እሱስ እውነት ነው» አለች ሳትወድ። እህል ከድንጋይ መለየት ታውቃለች፤ ሕጉ ደግ ሕግ ነው። ችግሩ ከተጋጣሚዎቹ፣ ከማዶዎቹ፣ በሕይወት የተረፈው መንግሥቴ ብቻ መሆኑ ነው። ባየህ እግሩን የሰበረው መንግሥቴ።

«ጠራቢው ከሣልስቱ ማግሥት ሥራ ይጀምራል» ብሎ ነበር ታደለ ሲነሳ። «ከዚያ ወዲያ ድንጋይ አይፋቅም።»

ባየህ የተጫወተው ሦስት ገና ብቻ ነው። ንጉሡ ሊወርዱ ጥቂት ሲቀራቸው ነበር። ይርጋለም ያኔ ጡቷ ገና ያጎጠጎጠ ልጅ ነበረች፤ ከሴቶች ጋር ጉብታው ላይ ቆማ ታይ ነበር። ሌላው ሰው ቆልማማውን ዱላ ይዞ ሲጋፋ፣ ሲጯጯህ፣ ሲወድቅ፣ ያ ቀጭን ልጅ ዳር ላይ ብቻውን ይቆማል። ከወይራ ሥር የተጠረበችው ሩር ስትመጣ ዓይኑን እንኳ የሚያነሳ አይመስልም። ከዚያ አንዴ «ጧ!» ይላል፤ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ሰማይ ለሰማይ ይፈልጋታል። አንዴ ሜዳውን አቋርጣ ከሚግጡት ከብቶች መካከል ወድቃ፣ ሁለቱ ወገን ጠቡን ትቶ አብሮ ሲፈልጋት ዋለ።

በሦስተኛው ገና የማዶው ጭቃ ሹም ልጅ መንግሥቴ እግሩን ይዞ ወደቀ። ባየህ ሩሯ ስትርቀው ተናዶ ሆነ ብሎ መታው ተባለ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል፤ ጭቃ ሹሙ ግን ተቆጡ። ሰው ሰብስበው፣ ዱላውን አሰብረው፣ ዳግመኛ የገና ዱላ እንዳይጨብጥ በሚካኤል ስም አስማሉት። ኋላ ደርግ መጥቶ ጭቃ ሹምነቱ ቀረ። መሐላው ግን አልቀረም። ባየህ ገና በመጣ ቁጥር ከብቶቹን እየነዳ ወደ ረግረጉ ይወርዳል፤ ጩኸቱ እስኪያልቅ አይመለስም።

ይርጋለም «እግር ሰባሪ» የሚባለውን ሰው አገባች። አባቷ ሦስት ቀን አኩርፏል። እሷም ብትሆን የወደደችው አልሰበረም ብላ አይደለም፤ ሰብሮም ይሁን ብላ ነው። ሲጣሉ ደግሞ ምላሷ ዝም አይልም። ጥጃ ሲሞትበት፣ ማረሻ ሲሰበርበት «አንተ ምን ይበረክትልሃል፣ እግር ሰባሪ!» ትለዋለች። እሱ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይወጣል። አንድ ቀን ብቻ በሩ ላይ ዞር ብሎ «የሜዳ ነገር ሜዳ ላይ ይቀራል፣ ይርጌ» አላት። እሷ ለጥፋቱ ሽፋን መስሏት ነበር።

«መጣ» አለች ደብረወርቅ፣ ክርኗን እየጎሸመቻት።

ባጃጅ ከመንገዱ ዳር ቆሞ አንድ ሽማግሌ ቀኝ እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ አወረደ። ከዘራውን ተደግፎ እየጎተተ መጣ። ከደጃፉ ሲደርስ ከዘራውን ጣለና ደረቱን እየደቃ ጮኸ፦

«ወንድሜን! ወንድሜን!»

«ወንድምህ?» አለች ይርጋለም ከተቀመጠችበት። አንቱ ማለት ይገባት ነበር፤ አላለችም። «ከመቼ ወዲህ?»

«ኧረ ተይ፣ ለቀስተኛ ነው!» አሉ ሴቶቹ።

«አልተውም። ከቀብሩ ቀርቶ ለሣልስቱ የሚመጣ ምን ዓይነት ወንድም ነው?»

መንግሥቴ እዚያው እንደቆመ «በቀብሩ ዕለት እስከ ድልድዩ መጥቼ ተመልሻለሁ» አለ። «ፈራሁ።»

«ማንን? ሬሳውን?»

«አንቺን። ነግሮሽ ይሆናል ብዬ።»

«ምኑን?»

ሰውየው ዙሪያውን አየ። የባየህ ልጆች አሉ፣ ቄሶቹ አሉ፣ ታደለ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ከዚህ የበለጠ ሰው ፊት መናገር አይቻልም።

«ሩሯን ረግጫት ነበር» አለ። «በእግሬ።»

ሽማግሌዎቹ ተንጫጩ። ልጆቹ አልገባቸውም፤ አንዱ ቄስ ወደ እነሱ ዘንበል ብለው «ሩር በዱላ እንጂ በእግር አይቆምም። በእኛ ጊዜ ይህን ያደረገ ሴት አይሰጠውም ነበር» አሏቸው።

«ታጭቼ ነበር» አለ መንግሥቴ። «አቧራ ነበር፤ ማንም አላየ። እንዳትሄድብኝ ረገጥኳት። እሱ ዱላውን ሰንዝሯል፤ የተሰነዘረ ዱላ በምን ይመለሳል? ስወድቅ ግን ሩሯን ከእግሬ ሥር ያወጣት እሱ ነው። አይቷል። አባቴ ሲያስምሉት ዓይኔን አየኝ። አሁን ይናገራል ብዬ ስጠብቅ ማለ። ዝም ብሎ ማለ።»

በመስከረም ውሃው ከሜዳው ሲሸሽ፣ ታፍኖ የከረመው መሬት አንድ ጊዜ ይተነፍሳል። ይርጋለምም እንደዚያ ተነፈሰች። አልሰበረም። ያ ቀጭን ልጅ አልሰበረም። ያን ሁሉ ስድብ ተሸክሞ ወደ ከብቶቹ የሚወጣው ጥፋተኛ ስለሆነ አልነበረም። እሷም አብራ ሰድባዋለች፤ ይህን ለብቻዋ ከነፍስ አባቷ ጋር ትነጋገርበታለች። አሁን ግን ሥራ አለ።

«ወሬውን ተወውና» አለችው። «ተጫዋች ነበር ወይስ አልነበረም? እሱን ተናገር። አንተ ልጅ፣ ጻፍ!»

ታደለ ብዕሩን አወጣ።

«ተጫዋች?» አለ መንግሥቴ። «እኛ ሩር እንመታ ነበር። እሱ ይልካት ነበር፤ የት እንደምትወድቅ ነግሯት የሚልካት ነው የሚመስለው። ሦስት ገና ሙሉ ከፊቱ ቆምኩ። አንድ ጊዜ ብቻ አስቆምኩት፤ እሱንም በነውር።»

«ስምዎን ማን ልበል?»

«ሩሯን በእግሩ የረገጠው መንግሥቴ በል።»

«አባቴ፣ ይሄ እንኳ ለድንጋዩ አያስፈልግም።»

«ለእኔ ያስፈልገኛል። ጻፍ።»

ታደለ ጻፈ፤ አንብቦም አሰማቸው። «ይበቃል» አለ ደብተሩን እያጠፈ። «ነገ ጠዋት ለጠራቢው እኔው ራሴ አደርሰዋለሁ። አሥራ ሁለተኛው ባየህ ነው።»

ደብረወርቅ እልል ልትል ዳድቷት የት እንዳለች ትዝ ሲላት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አያልነህስ? አይፋቅም?»

«ተዪው እቴ» አለች ይርጋለም። «ድንጋዩን ደግፎ የሚይዝ ነገርም ያስፈልጋል።»

በዚህ ጊዜ ወንዶቹ ሳይቀሩ ሳቁ። መንግሥቴ ከዘራውን ከመሬት ፈልጎ አንስቶ ሊወጣ ዞረ።

«ወዴት ነው?» አለችው።

«የመጣሁበትን አድርሻለሁ። ልሂድ።»

«ወንድሜን ብለህ አልጮህክም? የሟች ወንድም ከለቅሶ መሐል ተነስቶ ይሄዳል እንዴ? ልጆች፣ ተጠጉለት!»

ልጆቹ ተጠጉ። ሽማግሌው ከቤተ ዘመዱ ተርታ፣ በእሷና በበኩር ልጇ መካከል ተቀመጠ። የማይታጠፈውን እግሩን ገለባው ላይ ዘረጋው።

ወዲያው ከአንበሳሜ የመጡ ለቀስተኞች ገቡ። ስለ ምንም አያውቁም። በተርታው ፊት ጎንበስ እያሉ አለፉ፤ ከመንግሥቴ ፊት ሲደርሱም እንደ ሌላው ሁሉ «እግዜር ያጽናዎ» አሉት። ሊመልስ ሲል እንባው በጺሙ ላይ ወረደ።

«አሜን» አለች ይርጋለም ስለ እሱ።

ከዚያም የነጠላዋን ጫፍ ሳበችና የተዘረጋውን ጠማማ እግሩን አለበሰችው።