በዱዓ መካከል የተለቀቀ ገመድ

ያልሞከረውን ሥራ «ለምጄዋለሁ» የሚል ሰው ሐሰቱ የሚገለጥበት ቀን ሲደርስ ብቻውን አይወድቅም፤ አስቀድሞ አጠገቡ ያለውን ንጹሕ ሰው ይጥላል፣ ከዚያ በኋላ ራሱ ይከተላል። የጀይሉና የአማቱ ነገር ይህንኑ ያስረዳል።

ጀይሉ በፍራንክፈርት ከተማ፣ ሪደርቫልድ በሚባለው ሰፈር፣ ከሚስቱ ከጣሂራና ከዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ከሪሃብ ጋር የሚኖር፣ በአንድ መጋዘን ዕቃ ማንሻ መኪና፣ ፎርክሊፍት፣ የሚነዳ ሰው ነው። ሥራውን አክባሪ፣ ቤቱን ወዳድ ነው፤ አንደበቱ ግን ከእግሩ ይቀድማል። የጣሂራ አባት ሐጂ አብዱረህማን በቡታጅራ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ልጃቸውን ሲድሩለትም «ይህ ልጅ ወሬ ያበዛል» ብለው ብዙ አመንትተው ነበር። ይህ ቃል ጀይሉን እንደ እሾኽ ወግቶት ኖረ። ስለዚህ ጀርመን በገባ በመጀመሪያው የብርድ ወራት በአንድ ሱቅ ውስጥ፣ ለሽያጭ ከተደረደሩ የበረዶ መንሸራተቻዎች አጠገብ፣ የዋጋ ወረቀቱ ያልተነሣለት መነጽር አጥልቆ ፎቶግራፍ ተነሣና «ሥራ በማይኖርበት ቀን የበረዶ ስፖርት አስተምራለሁ» ብሎ ላከላቸው። ሐጂ እጅግ ደስ አላቸው፤ አማቻቸው ወሬኛ ሳይሆን ባለሙያ ሆኖ ተገኘ። ጀይሉም በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ጨመረበት፤ ተማሪዎቹ በዙ፣ ተራሮቹም ረዘሙ። በቡታጅራ «የበረዶው መምህር» ተባለ።

በጥር ወር ሐጂ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጡ። በዚያች ከተማ በብርድ ወራት ከበረዶ ይልቅ ካፊያ ይበዛልና ጀይሉ በየማለዳው መጋረጃውን ገልጦ ካፊያውን ባየ ጊዜ አላህን ያመሰግናል፤ ወደ ሐጂ ዞሮ ግን «ምን ላድርግ፣ ዘንድሮ እንቢ አለ» እያለ ትከሻውን ይሰብቃል። የመመለሻቸው ቀን በተቃረበ ጊዜ፣ እሑድ ጠዋት፣ መጋረጃውን ቢገልጥ በመንገዱ ዳር የቆሙት መኪኖች ሁሉ በረዶ ለብሰው ነጭ ሆነው ታዩት። መጋረጃውን መልሶ ዘጋው።

ሐጂ ቀድመውት ተነሥተው፣ ጋቢያቸውን ደርበው በሳሎኑ መስኮት ቆመዋል።

«መምህር፣» አሉት፤ «ዱቄቱ መጣልህ።»

«መጣ፣ ሐጂ። ግን ይህ ለጋ ነው፤ ለጋ በረዶ አያስኬድም።»

«ሪሃብ የጎረቤት ልጆች እየሄዱበት ነው አለችኝ።»

ጀይሉ ልጁን ገላመጣት። ሪሃብ ዳቦዋን ታኝካለች።

ጣሂራ ወጥ ቤት ውስጥ ክንዱን ይዛ «ንገራቸውና ይለፍልህ» አለችው። ሐሰቱን ከመጀመሪያው ታውቀው ነበር፤ ዝም ማለቷም ጥፋት መሆኑን ታውቅ ነበር።

«ሊሄዱ በተነሡበት ሰዓት 'ወሬኛ ነኝ' ብዬ ልሸኛቸው? ትንሽ ሸርተት አድርጌ ፎቶ አነሣቸዋለሁ፣ እንመለሳለን። አለቀ።»

ዕቅዱ ይኸው ነበር። ሽሊተን የሚባለውን፣ በሁለት ብረት ላይ የቆመ የእንጨት መንሸራተቻ ከጎረቤት ተዋሱ፤ አውቶቡስ ይዘውም ሎርበርግ ወደተባለው፣ ልጆች ወደሚንሸራተቱበት ኮረብታ ሄዱ። ከአውቶቡሱ ወርደው ሲወጡ ጀይሉ ከፊት ሆኖ ሽሊተኑን ይጎትታል፤ ሰዎችም ቆም እያሉ ያዩታል።

«ፓፓ፣ ፋልሽ ሄሩም» አለች ሪሃብ። በግልባጩ ነው ማለቷ ነው፤ ቀጥ ያለው ጭራው ወደ ፊት፣ ቀና ያለው አፍንጫው ወደ ኋላ ሆኖ፣ ገመዱ ከሥሩ ዞሮ ይጎተታል።

«ዐውቄ ነው፣» አለ ጀይሉ፤ «አፍንጫው አስቀድሞ እንዳይቀዘቅዝ ነው።»

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሙያ በልብ ነው ማለት ይህ ነው» ሊሉ አስበው ይሁን ሌላ አይታወቅም፤ ተከተሉት።

ከአናቱ ሲደርሱ ጀይሉ የሳሎኑን ትራስ በሽሊተኑ ላይ አነጠፈ፤ ሐጂንም አስቀመጣቸው። ጣሂራ በቆባቸው ላይ የሪሃብን ሐምራዊ የብስክሌት የራስ መከላከያ አጥልቃ ከአገጫቸው ሥር አሰረችው። ሽሊተኑ አሁንም በግልባጩ ነው፤ ጭራው ቁልቁል ያያል፣ ጀይሉም ከኋላ ሆኖ አፍንጫው ላይ የታሰረውን ገመድ ይዟል። አጠገባቸው አንዲት ጀርመናዊት አሮጊት የልጅ ልጆቿን ተራ በተራ እያስተካከለች ትለቃለች።

«ያቺን ሴትዮ ጠይቃት፣» አለች ጣሂራ በሹክሹክታ።

«መምህር ይጠይቃል እንዴ?»

«መምህርነትህን ለሌላ ቀን አስቀምጠው። የተቀመጡበት አባቴ ናቸው።»

ሐጂ በበኩላቸው ዙሪያቸውን መረመሩ። «ጀይሉ፣ መሪው የት ነው?»

«መሪ የለውም፣ ሐጂ። በሐሳብ ነው የሚመራው።»

«ፍሬኑስ?»

ጀይሉ ጥቂት አሰበ። «መቆም ሲፈልጉ ወደ ኋላ ጋደም ይበሉ። ለማንኛውም ገመዱ በእኔ እጅ ነው፤ እኔ ካልለቀቅሁ የትም አይሄዱም።»

«እንግዲያው መንገድ ያለ ዱዓ አይጀመርም፣» አሉ ሐጂ፤ ዐይናቸውን ጨፍነው ሁለቱን መዳፎቻቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

ሽማግሌ ለዱዓ እጁን ሲዘረጋ የሰማ ሁሉ ይዘረጋል፤ ጀይሉም ከሕፃንነቱ ጀምሮ በዚህ ያደገ ነው። እጆቹ ባለቤታቸውን ሳያማክሩ ተዘረጉ። ገመዱ ወደቀ።

«ያ አላህ፣ ይህን ቤተሰብ ጠብቅልን።»

«አሚን።»

«ከክፉ ዐይንና ከድንገተኛ ነገር ሰውረን።»

«አሚን።»

«ኦፓ ፌርት፣» አለች ሪሃብ። አያቴ እየሄዱ ነው ማለቷ ነበር።

«ዱዓ ላይ አይወራም፣» አላት ጀይሉ ዐይኑን ሳይገልጥ።

«ያረጀውን ጦረው፤ ያልወለደውን…»

የሐጂ ድምፅ እየራቀ መሄዱን ጀይሉ የልብ ትሕትና መስሎት ነበር። ዐይኑን ሲገልጥ አማቱ ከበታቹ ናቸው፤ ጋቢያቸው እንደ ሸራ ተነፍቷል፣ ሐምራዊው መከላከያ ብቻ ጎልቶ ይታያል። ሐጂም በዚያው ቅጽበት ዐይናቸውን ገለጡና የተማሩትን አስታውሰው እንደ ታዛዥ ተማሪ ወደ ኋላ ጋደም አሉ። በረዶውን ይፍቅ የነበረው ጭራ ቀና አለ፤ ሽሊተኑም እንደ ተለቀቀ ኮርማ ሸመጠጠ።

ዱዓ የጀመረ ሽማግሌ ግን አያቋርጥም። «መንገዳችንን ቀና አድርግልን» የሚለው ቃል ከቁልቁለቱ ወገብ ተሰማ። ጀይሉና ጣሂራ መዳፎቻቸውን እንደ ዘረጉ «አሚን» እያሉ ሮጡ፤ ጀይሉ ሁለት ጊዜ በግንባሩ ተደፋ፣ ሁለቱንም ጊዜ አፉ በረዶ ሞልቶ «አሚን» አለ። አንድ ሰውዬ ውሻውን ታቅፎ ከመንገድ ዘለለ። ልጆች ሽሊተኖቻቸውን እያነሡ ግራና ቀኝ ተከፈሉ። ሐጂ ሜዳውን ጨርሰው፣ በበታቹ በሽቦ ተደግፈው ከቆሙ ደረቅ ሐረጎች መካከል ገቡ፤ ጋቢያቸው በሽቦው ተያዘ፣ ሽሊተኑም ቆመ።

እንደ ደረሱባቸው ሐጂ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ፊታቸውን በመዳፎቻቸው አበሱ። «አሚን፣» አሉ። የተጎዳ ነገር አልነበራቸውም። ዙሪያቸውን ተመለከቱ።

«ይህ የምን ተክል ነው?»

ተክሉ ለጠጅ የሚጨመቅ ወይን ነበር። ጀይሉ ትንፋሹ ቢቆራረጥም አንደበቱ አልደከመም፤ «ዘቢብ ነው፣ ሐጂ» አለ።

«በዚህ ኮረብታ ያስተማርካቸው ሁሉ የሚቆሙት ዘቢብ ውስጥ ነው?»

«ፓፓ ቫር ኖኽ ኒ ሂር፣» አለች ሪሃብ።

«ምን አለች?»

«'አባቴ ጎበዝ ነው' ነው የምትለው።»

«እንደዚያ አላልኩም፣» አለች ሪሃብ በጠራ አማርኛ። «ፓፓ እዚህ መጥቶ አያውቅም ነው ያልኩት። ዘቢብም አይደለም፤ ወይን የሚጠጡት ነው።»

ሐጂ ከወይኑ መካከል ፈጠን ብለው ወጡ። ሽሊተኑን በሜዳው ላይ አስቀምጠው፣ በቡታጅራ ለፍርድ እንደሚቀመጡት ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡበት፤ መከላከያውን ማውለቅ ግን ረሱ።

«ጣሂራ፣ ልጅቷ ያለችው እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ አባባ። እኔም ዐውቄ ዝም ብያለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

«ፎቶውስ?»

ጀይሉ ጫማውን አየ። አሁን የሚያድነው ሌላ ሐሰት ፈለገ፤ አላገኘም። «ሱቅ ውስጥ ነው የተነሣሁት፣ ሐጂ።»

«መነጽሩስ?»

«የሱቁ ነው።»

«በየጁምዓው ከበረዶ እንዲጠብቅህ ዱዓ ሳደርግ ኖሬአለሁ። ሳስጠብቅ የኖርኩት የሱቅ መነጽር ነበር ማለት ነው?»

በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ጀይሉ የሸሸው «ወሬኛ» የሚለው ስም መጥቶ ፊቱ ቆመ፤ የሚጠራው ግን አላስፈለገም።

«ለእኔ የዋሸኸውን ይቅር ብዬሃለሁ፣» አሉ ሐጂ፤ «ቁልቁለቱ ደስ ብሎኛልና። ለቡታጅራ ሰው የዋሸኸውን ግን አሁኑኑ ራስህ ታስተካክላለህ። መምህር የተባልክበትንም ሙያ ዛሬ ትማራለህ። ልጆቹን የምትለቀዋን ሴትዮ ጥራት።»

አሮጊቷ የወደቀውን የሳሎን ትራስ ይዛ እየመጣች ነበር። ጣሂራ ነገሩን አስረዳቻት። አሮጊቷ ጀይሉን ከእግር እስከ ራሱ ተመልክታ፣ አስቀድማ ሽሊተኑን ወደ ትክክለኛው ወገን አዞረችው።

ፍርዱም ተፈጸመ። ጀይሉ በዚያው ቆሞ በቪዲዮ ስልክ ለተሰበሰበው የቡታጅራ ቤተ ዘመድ «በረዶ አስተምሬ አላውቅም፤ ዛሬ ነው የነካሁት» ብሎ ተናገረ፤ አክስቶቹ ስልኩን እየተቀባበሉ ደግሞ እንዲናገር አደረጉት። ከዚያም ከአምስት ዓመት ሕፃናት ኋላ ተሰልፎ እስኪመሽ ድረስ ሲወርድና ሲወጣ ዋለ። ከወረደባቸው ጊዜያት በአንዱ ድንጋይ አግኝቶት የመቀመጫው አጥንት ተመታ። ለሁለት ሳምንት ምግቡን ቆሞ በላ፤ ፎርክሊፍት ላይ መቀመጥ ስላልቻለም ያን ጊዜ ሁሉ የመጋዘኑን ወለል ሲጠርግ ከረመ።