መሃል ሰው

ልዩ የምትባለው አሥር አለቃ ድሮን ማብረር የተማረችው ሜዳ አገር ነው፤ ከዶሮ ማደሪያ ከፍ የሚል ነገር በሌለበት። ሸኮ ጫካ አፋፍ ላይ ተቀምጣ ስክሪኗ ሲጠቁርባት ግን ያ ሁሉ ሰርተፍኬት ምንም አልፈየደላትም።

ከጋራው ማዶ፣ ወንዙ ዳር፣ ማራናታ የሚባል ወታደር እባብ ነድፎት ተኝቷል። አብሮት ያለው የሕክምና ባለሙያ መርፌ መውጋት ያውቃል፤ የመርዝ ማርከሻ ግን አልያዘም። ወንዙ ሞልቶ መንገዱን ቆርጦታል፤ ዞሮ በእግር መድረስ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ መርዙ ደግሞ ቀጠሮ አያከብርም። ስለዚህ ማርከሻው በትንሿ ድሮን ሆድ ሥር ታሰረ። ጋራው ሲግናሏን እንዳይቆርጠው ሌላ ድሮን አናቱ አጠገብ ቆሞ እንዲያቀብላት ተደረገ።

ልዩ አጭሩን መስመር መርጣ ሁለት ጊዜ ላከቻት። ሁለቱንም ጊዜ ልክ ጋራውን ስታልፍ ሲግናሉ ተቋረጠ፤ ድሮኗም እንደተባረረ ተማሪ ተመለሰች። አሁን ለእሷ የቀረው አንድ ባትሪ ብቻ ነው። መቶ አለቃ በዛብህ ያንኑ መስመር እንድትደግመው አዘዛት። ሰውዬው ሲጨንቀው ትእዛዝ ይደግማል እንጂ አይለውጥም።

መንገድ ሊመራቸው የመጣው ጋሽ ቲቶ፣ የሸኮ ንብ አናቢ፣ አቀባዩን ድሮን የት እንዳቆመችው ጠየቃት። በጣቷ አሳየችው። ሳቅ አመለጠው።

«እዚያማ ፊት ለፊቱ ቀፎዬን የሰቀልኩበት ዛፍ ተገትሯል። ካርታሽ ዛፍ አያውቅም እንዴ ልጄ?»

የልዩ ፊት ጋለ። ካርታው የነገራት የመሬቱን ከፍታ ነበር፤ በላዩ እንደ ግድግዳ የቆሙትን ዛፎች ማን ቆጠራቸው? አቀባዩን ከነሱ በላይ እንዳታወጣው ደግሞ ንፋሱ ትንሽ ድሮን አያስቆምም።

ጋሽ ቲቶ ማር በሚቆረጥበት ጊዜ ከጋራው ወዲህና ወዲያ ያሉት ሰዎች አንዱ የሌላውን ድምፅ እንደማይሰማ ነገራት። ለዚህ መሃል ሰው ያቆማሉ፤ ሥራው ቃል ማቀበል ብቻ ነው። የሚቆመው ከፍተኛው ቦታ ላይ ሳይሆን በስተግራ፣ ትልቁ ዋርካ ወድቆ ክፍተት በተወበት ነው። ከዚያ ሁለቱም ወገን ይታያል።

ልዩ አቀባዩን ወደዚያ ክፍተት አዛወረችና አዲሱን መስመር አሰመረች። ትንሿ ድሮን የወንዙን ጥምዝ ተከትላ መዞር አለባት። ባትሪው ለመሄጃ ይበቃል፤ ለመመለሻ አይበቃም።

«ፈርመሽ የተረከብሽው ንብረት ነው» አላት በዛብህ።

«ማራናታንስ ማን ፈርሞ ተረከበው፣ መቶ አለቃ?»

መቶ አለቃው ጀርባውን አዞረ። ይህን እንደ ፈቃድ ቆጠረችውና ድሮኗን ለቀቀቻት።

ድሮኗ ክፍተቱ ጋ ስትደርስ ስክሪኑ ተንቀጠቀጠ። ምስሉ ተመልሶ ጠራ። ባትሪው አሥራ ዘጠኝ በመቶ ሲል ወንዙ ታየ፤ አሥራ አንድ ሲል ጃኬት የሚያውለበልብ ሰው። ጥቅሉን ለቀቀችለት። የሕክምና ባለሙያው ነበር፤ እየተደናቀፈ አነሳው።

በተረፈው ባትሪ ድሮኗን አሸዋው ላይ በሰላም ማሳረፍ ትችል ነበር። አላሳረፈችም። መርፌው የማራናታ ክንድ ውስጥ ሲገባ እስክታይ ድረስ በላያቸው አቆመቻት። ከዚያ ባትሪው አለቀ፤ ውሃው ወደ ካሜራው እየተጠጋ መጣና ምስሉ ጠፋ።

በዛብህ እንደዞረ፣ በቀስታ ጠየቃት።

«ተወጋ?»

«ተወግቷል።»

«እንግዲያው የጠፋውን ንብረት ሪፖርት እኔ እጽፋለሁ» አለና ቁጭ ብሎ እስክሪብቶውን አወጣ።