ከሐይቁ የመጡት ድንጋዮች

ዌንደል አንድ ነገር አደርጋለሁ ካለ የሚመልሰው የለም። በጓሮዬ ማታ ማታ ዙሪያውን ተቀምጠን የምንሞቅበት የእሳት ጉድጓድ እሠራለሁ ካለበት ቀን ጀምሮ ሚስቱ ሎርና ለሣሩ ማዘኗን ትታዋለች። መቼም ደንብ አይጥስምና መጀመሪያ ደውሎ ከመሬት በታች ያለውን የጋዝና የመብራት መስመር አስመረመረ፤ ሰዎቹ መጥተው መስመሩ ያለፈበትን የሚያሳይ ቢጫና ቀይ ባንዲራ ሣሩ ላይ ተክለው ሄዱ። ከዚያ ችካል መታ፣ በገመድ ዞሮ ክቡን አሰመረ፣ እስከ ጉልበቱ ቆፈረ፣ ከሥር ጠጠር አለበሰ። ሥራ ይችላል፤ ይህን የሚክድ የለም። ምክር የሚባል ነገር ግን አይጥመውም።

ጥድፊያው ለቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ ታላቅ እህቱ ማርሊስ ትመጣለች። ከሁለት ዓመት በፊት አባታቸው ሲሞት የኑዛዜው አስፈጻሚ እሱ ነበርና ቤተሰቡ በጋ ያሳልፍበት የነበረውን የሐይቅ ዳር ጎጆ ሳይነግራት ሸጠው። ከዚያ ወዲህ ለገና ካርድ ብቻ ትልካለች፤ ካርዱ ላይ ከስሟ በቀር አንድ ቃል የለም። ኩርፊያ እንዲህ በሥርዓት ሲያዝ ከስድብ ይከፋል። አሁን ሎርና ለምና ለምና እሺ አስብላታለች። ይህች ቀን ከከሸፈች ሌላ እንደማትኖር ዌንደል ያውቃል፤ ሁለቱም ስድሳን አልፈዋል።

ልጆች ሳሉ በጎጆው ደጅ በድንጋይ የተከበበ እሳት ነበራቸው። ያንን ላስታውሳት ብሎ ዓርብ ወደ ሐይቁ ነዳ፤ ሱሪውን ጠቅልሎ ገባና ሠላሳ የሚሆኑ ለስላሳ ድቡልቡል ድንጋዮች ከውኃው አወጣ። ጉድጓዱን በእነሱ ሲከበው አማረለት።

ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ማርሊስ እሳት ለመሞቅ እንደተጠራ ሰው ሁሉ ታጣፊ ወንበሯን በብብቷ ይዛ ደረሰች። ስለ ዝናቡ ተነጋገሩ። የዚህ የዊስኮንሲን ግዛት ሰው ስለ ዝናብ ብዙ ማውራት ይችላል፤ እሱም አለቀ። እሳቱ ግን ግሩም ይነድ ነበር።

"ድንጋዮቹን ከየት አመጣሃቸው?" አለች ማርሊስ።

"ከሐይቃችን። ልክ እንደ አባባ . . ."

"ከውኃው ውስጥ?" ብድግ አለች። "ሎርና፣ ወደ ኋላ በይ! አንተም ተነሳ እንጂ!"

ተነስቶ ሁለት እርምጃ ሳይራመድ አንዱ ድንጋይ ፈነዳ። ስባሪው የቋሊማውን ሳህን ከጠረጴዛው ላይ ጠርጎ ጣለው። ሌላም ተከተለ። ሦስቱም በረንዳው ላይ ተሸሽገው እሳቱ እስኪከስም ጠበቁ።

"ውኃ የጠጣ ድንጋይ እሳት አይችልም፤ ስንት ጊዜ ተነግሮናል!" አለች ማርሊስ። "አባባ ያመጣ የነበረው ከማሳ ዳር ነው፤ ገበሬ ለቅሞ ከከመረው።"

"እኔ የማስታውሰው ከሐይቁ . . ."

"አንተ ምኑን ታውቃለህ? እሳቱ ከነደደ በኋላ ነበር የምትመጣው። የተሸከምኩት እኔ ነኝ! ጎጆውንም እንደዚሁ ነው የሸጥከው። አንድ ጊዜ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?"

ዌንደል የለመደው መልስ ነበረው፤ ጣሪያው ያፈስ ነበር፣ ግብሩ ከብዶ ነበር። ከንፈሩ ላይ ሲደርስ ዋጠው። አፈረ።

"መጠየቅ ነበረብኝ" አለ። "ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ሎርና ወርዳ ቋሊማዎቹን ከሣሩ መሀል ታነሳ ጀመር። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ አሉ" አለች፤ "ለቃሚዋ ግን እኔ ነኝ።"

ማርሊስ ሳታስበው ሳቋ አመለጣት። ቆይታም "ድንጋይ መልቀሚያ ጓንት አለህ?" አለችው።

እሑድ ጠዋት ሁለቱ አንድ ገበሬ አስፈቅደው ከማሳው ዳር ካለው የድንጋይ ክምር አጠገብ ቆሙ። በየዓመቱ የክረምቱ በረዶ ሲለቅ መሬቱ ከሥሩ የሚተፋው ድንጋይ ነው። ዌንደል አንዱን ታቅፎ ወደ መኪናው አመራና ሳይደርስ ቆመ። ዞሮ አሳያት።

"ይሄ ይሆናል?"

ማርሊስ ተቀብላ አገላብጣ አየችው፤ መልሳ ወደ ክምሩ ወረወረችው።

"አይሆንም። ሌላ አምጣ።"

ዌንደል ሌላ ሊያመጣ ሄደ።